መብረቅ የመታው ሰው ልቡ ምን ይሆናል?

የቢቸናው፦
ሰላም ቤተሰብ። ባለፈው ሐምሌ የአክስቴ ልጅ ከብት ሲያግድ ዝናብ መጣበትና ዛፍ ስር ተጠለለ፤ መብረቅ መታው። ሰው ሲደርስ አይተነፍስም። ግማሹ «አትንኩት፣ ኤሌክትሪኩ ገና ላዩ ላይ አለ» ይላል፣ ግማሹ ለቅሶ ጀምሯል። አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሮጣ መጥታ ደረቱን እየተጫነች፣ በአፉ ትንፋሽ እየሰጠች ነፍሱን መለሰችው። አጠገቡ የነበሩት ሁለት በሬዎች ግን እዚያው ቀሩ። አሁን ደህና ነው፣ አልፎ አልፎ ብቻ «ልቤን ድው ድው ያደርገኛል» ይላል። የሚያውቅ ካለ ያስረዳኝ።

ነርሷ፦
መጀመሪያ ያቺን ልጅ ሳሙልኝ! መብረቅ የመታው ሰው ላይ ኤሌክትሪክ አይቀርም፣ ወዲያው መንካት ይቻላል። ልብ የሚመታው በራሱ ትንሽ ኤሌክትሪክ ነው፤ መብረቅ ሲያልፍበት ጡንቻው ሁሉ ባንዴ ይኮማተርና ቀጥ ይላል። ብዙ ጊዜ ግን የራሱ ምት አመንጪ ስላለው ተመልሶ ይነሳል። ጣጣው ትንፋሽ ነው። ትንፋሽ የሚያዘው የአንጎል ክፍል ከልብ ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ደንዝዞ ይቆያል፣ ስለዚህ የተነሳው ልብ ኦክስጅን አጥቶ እንደገና ይቆማል። ለዚህ ነው ብዙ ሰው ባንዴ ሲመታ መጀመሪያ ወደማይተነፍሰው የምንሮጠው፤ የሚያቃስተውማ በአብዛኛው ይተርፋል። የዓይኑ ብሌን ቢሰፋም ሞቷል ብላችሁ እንዳትተዉት።

ድው ድው ለሚለው ኢሲጂ (የልብን ኤሌክትሪክ የሚያሳይ ምርመራ) ይነሳ። የምት መዛባት ሊኖር ይችላል፣ አብዛኛው በጊዜ ይስተካከላል፣ ግን ሳይታይ አይተው።

ጥርጣሬ፦
ይቅርታ፣ ያን ሁሉ ቮልት ችሎ ልቡ ሳይቃጠል? በሬ የገደለ ነገር ሰውን እንዴት ይምራል?

ፊዚክስ አስተማሪ፦
መብረቅ በሰውነት ውስጥ የሚቆየው ከሰከንድ በጣም ባነሰ ጊዜ ነው፣ ብዙውም በቆዳ ላይ ፈስሶ ያልፋል። ደግሞ አብዛኛው ሰው የሚመታው በቀጥታ ሳይሆን ዛፉን መትቶ በመሬት በሚሰራጨው ነው። እሱ ከሆነ፣ ሰው ላይ በአንድ እግር ገብቶ በሌላው ሊወጣ ይችላል፣ ልብን ብዙም ሳይነካ። በሬ ግን የፊትና የኋላ እግሩ ይራራቃል፤ በፊቱ ገብቶ በኋላው ሲወጣ መንገዱ በልቡ ነው። በጎችም ተሰብስበው ዛፍ ስር የሚያልቁት ለዚሁ ነው። ቀይ ልብስ መብረቅ ይስባል የሚለውን ወሬ ተዉት፣ ዛፉን ሽሹ።

የቢቸናው፦
እግዜር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ለኢሲጂ ከተማ አመጣዋለሁ። እናቱ ግን «ድው ድው የሚለው በሬዎቹን ሲያስብ ነው» እያለች ነው።