ኤል ሚራዶርን በእግር ተጉዘን ልናይ ነው፤ የሄዳችሁበት ምክር ለግሱን

ስሜን የወጣሁ (ዳላስ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። በመጪው መጋቢት ከታናሽ እህቴ ጋር ወደ ጓቴማላ ለመሄድ አስበናል። የምንፈልገው በፔቴን ጫካ ውስጥ ያለውን ጥንታዊ የማያ ከተማ ኤል ሚራዶርን ማየት ነው። ከካርሜሊታ መንደር ተነስቶ ደርሶ መልስ አምስት ቀን የእግር ጉዞ እንደሆነ አንብቤያለሁ። ሁለታችንም ስሜን ተራሮችን በእግር አቋርጠን ራስ ዳሽን ወጥተናል፤ ስለዚህ እግራችን አይታማም። የቆላ ጫካ ግን አናውቅም። ወሩ ይስማማል? ያለ መሪስ መሄድ ይቻላል? እህቴ የእባብ ስም ሲነሳ እንኳ ትሸሻለች፤ ስለዚህ ሳትሸፋፍኑ ንገሩን። በዚያ ላይ ጊዜው ዐቢይ ጾም ነው፤ እሷ ደግሞ ጾም አትፈታም። ምግቡ እንዴት ነው?

መንገደኛው፦

ወሩን በደንብ መርጣችኋል። ከየካቲት ጀምሮ መሬቱ ይደርቃል። ክረምታቸው ከገባ በኋላ ግን ባሆ የሚሏቸው ረባዳ ቦታዎች ውሃ ይቋጥራሉ፤ ጭቃው እስከ ጉልበት ይውጣል፤ በቅሎዎቹ ሳይቀሩ ይቸገራሉ። ከቻላችሁ ወደ መጋቢት መጀመሪያ አድርጉት፤ ሚያዝያ ሲቃረብ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ በላይ ይሆናል።

የስሜን ልምዳችሁ እዚህ ብዙ አይረዳችሁም ብል አትቀየሙኝ። ስሜን ላይ የሚፈትነው ከፍታውና ብርዱ ነው። ፔቴን ቆላ ነው፤ ይህ ነው የሚባል ዳገት የለውም፤ ነገር ግን አየሩ እርጥብ ስለሆነ ላባችሁ አይደርቅም። ጠዋት የለበሳችሁት ሸሚዝ እስከ ማታ እንደራሰ ይውላል። በመጀመሪያው ቀን ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛችሁ ኤል ቲንታል በሚባለው ሌላ የማያ ፍርስራሽ ታድራላችሁ፤ በማግስቱ ያንኑ ያህል ሄዳችሁ ሚራዶር ትገባላችሁ። በሦስተኛው ቀን ፍርስራሹን ታያላችሁ፤ ቀሪው ሁለት ቀን የመመለሻ ነው። ቲንታል ላይ ደክሞኛል ብላችሁ ድንኳን ውስጥ እንዳትቀሩ፤ ወደ ትልቁ ፒራሚድ ውጡ። ከጫፉ ላይ ሆናችሁ በስተ ሰሜን ስትመለከቱ ከአድማሱ ብቅ ያለ ጉብታ ይታያችኋል፤ በነጋታው የምትሄዱበት ሚራዶር እሱ ነው።

ያለ መሪ መሄድን እርሱት። ጫካው ውስጥ የቺክሌ ሙጫና የሻቴ ቅጠል ሰብሳቢዎች ያወጧቸው ጠባብ መንገዶች ከዋናው መንገድ ጋር ይመሳሰላሉ። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ በአካባቢው የሚፈስ ወንዝ አለመኖሩ ነው፤ የሚጠጣው በበቅሎ የተጫነ ወይም የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ነው። ካርሜሊታ ያለው የመንደሩ የኅብረት ሥራ ማኅበር መሪ፣ ምግብ አብሳይና በቅሎ ያቀርባል። ስትዋዋሉ ውሃው፣ አጎበሩና ድንኳኑ በዋጋው ውስጥ መካተታቸውን በግልጽ ጠይቁ። ጥሬ ገንዘብ ከፍሎሬስ ከተማ ይዛችሁ ውጡ።

ነርሷ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦

እህታችን አትፍራ፤ ሰምታ መጠንቀቋ ግን ይበጃታል። ባርባ አማሪያ የሚባለው መርዛማ እባብ በፔቴን አለ፤ ይበልጥ የሚንቀሳቀሰው በሌሊት ነው። ስለዚህ ሲመሽ ለሽንትም ቢሆን ያለ ባትሪና ያለ ጫማ ከድንኳን አትውጡ። የወደቀ ግንድ ስታገኙ ዝም ብላችሁ አትሻገሩ፤ መጀመሪያ ላዩ ላይ ቁሙና ማዶውን እዩ። ጠዋት ጫማችሁን አራግፋችሁ አጥልቁ። ሆስፒታሉ ሩቅ ስለሆነ መሪው የሳተላይት ስልክ ወይም ሬዲዮ መያዙን ቀድማችሁ አረጋግጡ፤ ኢንሹራንሳችሁም በሄሊኮፕተር ማውጣትን ይሸፍን።

እኔን ከእባቡ ይልቅ የሚያሳስቡኝ ትንንሾቹ ናቸው። በደረቁ ወራት መዥገር ይበዛል፤ ሱሪያችሁን ካልሲ ውስጥ ክተቱ፣ ልብሳችሁን ከመነሳታችሁ በፊት ፐርሜትሪን በሚባለው የተባይ መድኃኒት ንከሩት፣ ማታ ማታ እርስ በርስ ተፈታተሹ። አገራችን ቁንጭር የምንለው የቆዳ በሽታም እዚያ አለ። የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ናት፤ ቺክሌ ሰብሳቢዎቹን በተለይ ጆሯቸው ላይ ታቆስላቸው ስለነበር ቁስሉ በእነሱ ስም ይጠራል። ከተመለሳችሁ ከሳምንታት በኋላም ቢሆን የማይድን ቁስል ካያችሁ ለሐኪም ፔቴን እንደነበራችሁ ንገሩ፤ ካልነገራችሁት ላይጠረጥር ይችላል። የወባን ነገር ከመነሳታችሁ ከአንድ ወር በፊት የጉዞ ክሊኒክ አማክሩ። ኦ አር ኤስ በብዛት ያዙ።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ቼቼም የሚባል ዛፍ አለ፤ ጥቁር ፈሳሹ ቆዳ ያቃጥላል። መሪው እስኪያሳያችሁ ድረስ የዛፍ ግንድ አትደገፉ።

የቲካል ወዳጅ፦

እኔ ደግሞ ልቃወም። ጫካ ለማያውቅ ሰው አምስት ቀን ምን አስቸኮለው? ሌላው የማያ ከተማ ፍርስራሽ ቲካል ከፍሎሬስ በመኪና ሁለት ሰዓት አይሞላም። ጥርጊያ መንገድ አለው፤ አራተኛው ቤተ መቅደስ 65 ሜትር ገደማ ሲሆን በእንጨት ደረጃ ይወጣል። ጦጣውም ወፉም አለ። ሚራዶር ላይ ፒራሚድ አያለሁ ብሎ የሄደ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው ዛፍ የበቀለበት ኮረብታ ነው። ፎቶ አይታችሁ ከሆነ የተማረካችሁት፣ ያ ፎቶ ምናልባት የቲካል ነው።

መንገደኛው፦

ስለ ኮረብታው እውነት ብለሃል፤ መሸፈኛ የለኝም። ሚራዶር የሚያስገርመው ኮረብታው ሁሉ በሰው እጅ የተሠራ መሆኑን ስታውቅ ነው። ትልቁ ፒራሚዱ ላ ዳንታ 72 ሜትር ነው፤ ጫፉ ላይ ብቻ ድንጋዩ ተገልጦ ይታያል፤ እስከዚያ የምትወጣው በዛፍ ሥሮች መካከል ነው። ቲካልን ግን አትዝለሉ፤ ቀድማችሁ እዩት። የተጠረገውን ካያችሁ በኋላ ያልተጠረገው ምን እንደሆነ ይገባችኋል።

የታሪክ መምህር፦

ጓዛችሁን ስትሸክፉ ይህንንም ያዙ። ሚራዶር ከቲካል ታላላቅ ቤተ መቅደሶች በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል። ያበበው ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበሩት የመጨረሻዎቹ መቶ ዓመታት ሲሆን በ150 ዓ.ም. ገደማ ተተወ፤ አክሱም ገና እየገነነች በነበረበት ዘመን ማለት ነው። ለምን ተተወ ለሚለው አንዱ መላምት ኖራን ያነሳል። ሕንፃዎቹ በወፍራም ኖራ ይለሰኑ ነበር፤ ኖራ ለማቃጠል ደን ተጨፈጨፈ፤ አፈሩ ታጥቦ ውሃና ለም ጭቃ የነበረባቸውን ረባዳዎች ደፈናቸው። በባሆው ጠርዝ ስታልፉ ይህን አስቡ።

የሚራዶርን ካርታ ተመራማሪው ኢያን ግራሃም የሠራው በ1962 እ.ኤ.አ. ነው። በ2018 ደግሞ ከአውሮፕላን በተለቀቀ የሌዘር ቅኝት በፔቴን ደን ሥር ከ60,000 በላይ የግንባታ ቅሪቶች መኖራቸው ተገለጸ። መሪያችሁን ሳክቤ የሚባሉትን ጥንታዊ ጎዳናዎች እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። ከመሬት ከፍ ተደርገው የተሠሩ፣ ሚራዶርን ከቲንታልና ናክቤ ከሚባለው ሌላ የማያ ከተማ ጋር ያገናኙ የነበሩ ናቸው፤ ካልተነገራችሁ ረግጣችኋቸው ታልፋላችሁ።

ጾመኛው፦

ስለ ምግቡ፦ ጥቁር ባቄላ፣ ሩዝና የበቆሎ ቂጣ በየማዕዱ ስለሚቀርብ ጾመኛ አይራብም። ችግሩ ባቄላው በዐሣማ ስብ ሊቁላላ መቻሉ ነው። ጫካ ከገባችሁ በኋላ መናገር ዋጋ የለውም፤ ስንቁ የሚገዛው ከመነሻው በፊት ነው። ካርሜሊታ እንደደረሳችሁ አብሳይዋን አግኝታችሁ እህታችሁ ስብ፣ እንቁላልና አይብ እንደማትነካ፣ በዘይት እንድትሠራላት ንገሩ፤ «ሲን ማንቴካ» ካላችሁ ይገባታል። ቆሎና በሶ ከቤት ይዛችሁ ሂዱ። በሶ በስኳርና በጨው ተበጥብጦ በዚያ ሙቀት ምን ያህል እንደሚያቆም ስትቀምሱት ታዩታላችሁ። ግን እህታችን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳትቀምስ ለመጓዝ ካሰበች የንስሐ አባቷን ቀድማ ታማክር፤ ውሃ ሳይጠጡ በዚያ ጫካ መሄድ ቀልድ አይደለም።

ስሜን የወጣሁ፦

እግዚአብሔር ይስጥልን። እህቴ የእባቡን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብባ «እሄዳለሁ፣ ግን መሃል ላይ ነው የምሄደው» ብላለች። አንድ ነገር ይቀረኛል፦ የአክስታችን ልጅ ከአዲስ አበባ መጥቶ ሊቀላቀለን ይፈልጋል። እሱ ምን ማሟላት አለበት?

ነርሷ፦

የቢጫ ወባ ክትባት ካርዱን አይርሳ። ጓቴማላ በሽታው ካለባቸው አገሮች ከሚመጡ መንገደኞች ትጠይቃለች፤ ኢትዮጵያም ከእነዚህ አንዷ ናት። ካርዱ የሚጸናው ከተከተበ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ የመጨረሻውን ሳምንት አይጠብቅ። ቀድሞ የተከተበ ከሆነ ግን ድጋሚ አያስፈልገውም፤ ዕድሜ ልክ ያገለግላል።

መንገደኛው፦

ቪዛውን እዚህ ከምንገምትለት በቀጥታ የጓቴማላን ቆንስላ ይጠይቅ፤ አውሮፕላን የሚቀይርበት አገር የመተላለፊያ ቪዛ ይጠይቅ እንደሆነም ያጣራ። እናንተም የአሜሪካ መኖሪያ ፈቃድ ይዛችሁ የምትጓዙት በኢትዮጵያ ፓስፖርት ከሆነ እንዲሁ አድርጉ። ሦስት ከሆናችሁ አንድ ተጨማሪ በቅሎ ጠይቁ፤ እግሩ ውሃ የቋጠረ ሰው በመመለሻው ይቀመጥባታል።

ስሜን የወጣሁ፦

ተስማምተናል፤ መጀመሪያ ቲካል፣ ከዚያ ካርሜሊታ። ቆንስላው መልስ እስኪሰጠን ትኬት አንቆርጥም።