ዩኬ እየተማርኩ የደሴውን የቴሌግራም ሱቄን ማስቀጠል እችላለሁ?

የሸዋ_በር_ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዩኬ ማስተርስ ደርሶኝ የቪዛ ወረቀት እያሟላሁ ነው። እማዬ የሀበሻ ቀሚስ ትሰፋለች፤ እኔ ጠዋት ጠዋት ጥለቱን በረንዳ ላይ ዘርግቼ ፎቶ አነሳና ቴሌግራም ላይ እለጥፋለሁ፣ ትእዛዝ እቀበላለሁ፣ ከየቀሚሱ ድርሻዬን አነሳለሁ። ብሩ በቴሌብር ነው የሚገባው። ሱቁ ደሴ፣ ደንበኛውም እዚሁ። ታዲያ እዚያ ሆኜ ማታ ማታ በስልኬ ብሠራ እንግሊዝን ምን ያገባታል? የቤት ኪራያችን የሚከፈለው ከዚህ ነው፣ በደንብ የሚያውቅ ይንገረኝ።

ፒያሳ_ደሴ፦
ዝም ብለሽ ስሪ። ቴሌብርሽን ማን ያየዋል?

ከኮምቦልቻ፦
ወንድሜ፣ ሰው አታሳስት። እህቴ፣ እኔ እዚያው ተምሬ ነው የመጣሁት። የዩኬ የተማሪ ቪዛ የግል ሥራንም ንግድንም ይከለክላል። ብሩ የት ገባ አይደለም ነገሩ፣ ስትሠሪ አንቺ የት ነሽ ነው። በትምህርት ወቅት በሳምንት 20 ሰዓት ይፈቀዳል ሲባል ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ እሱ ተቀጥረሽ ደሞዝ ለምትበዪበት ሥራ ነው። ሳምንቱም ከሰኞ እስከ እሁድ ነው የሚቆጠረው፣ ባለፈው ሳምንት 10 ብቻ ሠርቻለሁ ብለሽ በዚህኛው 30 ማድረግ አይቻልም።

እኔ ራሴ በብስክሌት ምግብ ለማድረስ ልመዘገብ ነበር፣ አበሻው ሁሉ የሚሠራው መስሎኝ። ፎርሙ ላይ የግል ተቋራጭ የሚል ነገር ሳይ ደነገጥኩና የውጭ ተማሪዎች አማካሪዋ ጋ ይዤው ሄድኩ። ቃሉ ላይ ጣቷን አድርጋ «ይሄ ተቀጣሪ አያደርግህም፣ ተወው» አለችኝ። ተውኩት፣ ካፌ ሳህን አጠባ ገባሁ። ከተደረሰብሽ ቪዛው ሊሰረዝ ይችላል፤ የከፈልሽው የትምህርት ክፍያም አብሮ ውሃ በላው ማለት ነው።

የሸዋ_በር_ልጅ፦
ኧረ ወንድሜን ያኑርልኝ! ታናሽ ወንድሜ ቢይዘውና እኔ ከዚያ ሆኜ ባግዘውስ?

ከኮምቦልቻ፦
ማገዝ ያልሽው ያው ሥራ ነው። ሳትሄጂ ሙሉ በሙሉ አስረክቢው፣ ቻናሉንም ስልኩንም። ከተመረቅሽ በኋላ የምሩቃን ቪዛ (Graduate visa) ስትይዢ በግልሽ መሥራት ይፈቀድልሻል። እሱ አሁን 2 ዓመት ነው፤ በፈረንጆቹ ከጥር 1 ቀን 2027 ጀምሮ ለሚያመለክቱ ግን ለማስተርስ ወደ 18 ወር ይወርዳል፣ ያንን አስበሽበት ሂጂ።

ጦሳ_ሥር፦
አገር አገሩ ይለያያል ደግሞ። አውስትራሊያ ያለው የአክስቴ ልጅ ተማሪ ሆኖ የንግድ ቁጥር አውጥቶ በግሉ ይሠራል፣ ትምህርት ባለበት ጊዜ በሁለት ሳምንት 48 ሰዓት እንዳያልፍ ብቻ ነው የሚጠነቀቀው። ስለዚህ የሌላ አገር ልጅ በቲክቶክ እንዲህ አደረግኩ ቢልሽ አትከተዪው፣ ያንቺን ቪዛ ሕግ አንብቢ።

የሸዋ_በር_ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ማታ የደንበኞቹን ወገብና ቁመት የምጽፍበትን ደብተር ለወንድሜ ከፍቼ አሳየዋለሁ። የክንድ ልኬት ላይ ይሳሳታል፣ ከእሱ ነው የምጀምረው።