የቻይና አዲስ ዓመት ዋዜማ ዓሳ፦ ሳልቀምስ እንዴት ልስራው?

ማሂ_ጓንዡ
ሰላም ለሁላችሁ፣ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ ጨንቆኛል። ባለቤቴ የጓንዡ ልጅ ነው (ደቡብ ቻይና፣ ካንቶን የሚባለው አገር)፣ የምንኖረውም ከቤተሰቦቹ ጋር ነው፣ ዘንድሮ አማቴ የዋዜማውን ዓሳ አንቺ ነሽ የምትሰሪው ብለውኛል። ዋዜማ እነሱ ጋ ቀላል ነገር አይደለም፣ ቤተሰቡ ከያለበት ይሰበሰባል፣ ዓሳው ደግሞ ከነራሱ ከነጭራው ሙሉውን ነው የሚቀርበው። በካንቶንኛ ዓሳም «ዩ» ነው ትርፍም «ዩ» ነው፣ ለዛ ነው «ኒን ኒን ያው ዩ» የሚባባሉት፣ በየዓመቱ ይትረፍረፍላችሁ እንደማለት።
ችግሩ ዘንድሮ ዋዜማው የዋለው የካቲት 9 ነው፣ ዐቢይ ጾም የሚገባበት ሰኞ! ጾሜን አልሽርም፣ እሳቸውም ብዪ አይሉኝም፣ ግን ሳልቀምስ መብሰሉን በምን አውቃለሁ? ባለፈው ወር ሞክሬ ነበር፣ አገር ቤት እንደምንጠብሰው ጎኑን ሸንተር ሸንተር አድርጌ፣ በሎሚና በጨው አሽቼ፣ ሶያ ሶሱን ከላይ አፍስሼ 20 ደቂቃ እንፋሎት ላይ አቆየሁት። እንደ ጥጥ ደረቀ፣ ሳህኑም ግራጫ ውሃ ሞላ። አማቴ ምንም አላሉም ግን ሁለቴ ቀምሰው ቾፕስቲካቸውን (የመብያ እንጨታቸውን) አስቀመጡ። እስካሁን ከአይኔ አልጠፋም።

ባለሙያው_ቶሮንቶ
እህቴ አይዞሽ፣ ቶሮንቶ የካንቶን ምግብ ቤት ኩሽና ውስጥ ስድስት ዓመት ሰርቻለሁ፣ ይሄን ዓሳ ማንም አይቀምሰውም፣ ሼፉም አይቀምሰውም። ሙሉ ዓሳ እኮ ነው፣ ቆርሰሽ ከቀመስሽማ ለበዓል አይቀርብም። የሚሰራው በሰዓትና በአይን ነው።
ከ600 እስከ 700 ግራም የሚሆን ዓሳ ግዢ፣ ከዛ ከበለጠ ውስጡ እስኪደርስ ውጪው ይደርቃል። ከፍሪጅ ከሆነ ቀደም ብለሽ አውጪው። ሳህኑ ላይ ሁለት ቾፕስቲክ አጋድሚና ዓሳውን እነሱ ላይ አስተኚው፣ እንፋሎቱ ከስርም እንዲገባ። ጥቂት የዝንጅብል ቁራጭ ሆዱ ውስጥና ከስሩ ይበቃል። ውሃው በደንብ ሲንተከተክ ብቻ ነው የምታስገቢው፣ ገና ሲሞቅ ካስገባሽው ቀስ እያለ ይቀቀላል እንጂ በእንፋሎት አይበስልም። ክዳኑን ግጠሚ፣ 8 ደቂቃ፣ እሳቱን አጥፊና ሳትከፍቺ 2 ደቂቃ ተዪው። በመሀል ክዳን መክፈት የለም!
መብሰሉን ስታዪ አይኑ ነጭ ሆኖ ወጣ ይላል። ከዛ ከራሱ ኋላ ጀርባው ወፍራም የሆነበት ቦታ ላይ ቀጭን ቾፕስቲክ ስደጂ፣ ሳይታገልሽ እስከ አጥንቱ ከገባ አልቋል። አጥንቱ ጋ ትንሽ ሮዝ ቢል አትደንግጪ፣ ካንቶኖች እንደሱ ነው የሚወዱት።
አሁን ያ ግራጫ ውሃ። እሱን ሙሉ በሙሉ ድፊው፣ ሽታው ያለው እዛ ነው። ሶያ ሶስ ቀድመሽ ስታፈስሺ ጨው ውሃውን ከስጋው ይስበዋል፣ ያደረቀብሽ አንዱ እሱ ነው። ሶሱ የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ቀጭኑ ሶያ ሶስ፣ 1 ማንኪያ ውሃ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ሞቅ አድርጊው። ደስ የሚለው ደግሞ ሶሱ ውስጥ ዓሳ የለበትም የጾም ነው፣ ስለዚህ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ መቅመስ ያለብሽ እሱን ብቻ ነው። ኦይስተር ሶስ ግን እንዳይሆን፣ እሱ ከባህር ቀንድ አውጣ ዘመድ ነው የሚሰራው።
በመጨረሻ አረንጓዴውን የሽንኩርት ቅጠል እንደ ክር ቀጭን አድርገሽ ቁረጪ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ስትከቺው ይጠቀለላል፣ ዓሳው ላይ በትኚና የኦቾሎኒ ዘይት ጭስ እስኪል አግለሽ ከላይ አፍስሺበት። ቿ ሲል ድምፁ ሳሎን ድረስ ይሰማል፣ ሽታው ያኔ ነው የሚነሳው። ሶሱን በዓሳው ጎን እንጂ በላዩ አታፍስሺው።

የሐዋሳ_ልጅ
ባለሙያው ጨርሶታል፣ እኔ የምጨምረው ስለማጠቡ ነው። ሐይቅ ዳር ነው ያደግኩት፣ ቆሮሶ ስናጸዳ ሰው ሁሉ ሎሚ ላይ ይረባረባል ግን ሽታው የሚመጣው ከሆዱ ውስጥ ነው። ጥቁሯን ስስ ሽፋን ጠርገሽ አውጪ፣ አከርካሪው ስር ያለውን የረጋ ደም በጣትሽ ጥፍር ፍቀሽ እጠቢ፣ መተንፈሻውንም አስወጪው። ከዛ በንጹህ ጨርቅ ከውስጥም ከውጭም አድርቂው። ይሄን ካደረግሽ ሎሚም ነጭ ሽንኩርትም አያስፈልግም። ጎኑንም አትሸንትሪው፣ ያ ለዘይት ጥብስ ነው፣ እንፋሎት ላይ ጭማቂው ያልቃል። እናንተ ጋ ደግሞ ከገበያ በህይወት እየዋኘ ነው የሚሸጠው አይደል? በዛኑ ቀን ካረድሽው ግማሹ ስራ አለቀ።

ብርቄ21
ዓሳ በጾም ይበላል የሚሉ አሉኮ፣ ለምን ራስሽን ታስጨንቂያለሽ?

ባለሙያው_ቶሮንቶ
ብርቄ እህቴ፣ አልበላም ብላለች፣ የጠየቀችው አሰራሩን ነው። ማሂ፣ ለራስሽ ለስላሳ ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሰራውን) ለብቻው በእንፋሎት አሙቂና ያንኑ ሶስ፣ ያንኑ ሽንኩርት፣ ያንኑ ትኩስ ዘይት አድርጊበት። አብረሽ ትበያለሽ። ስታቀርቢ ደግሞ ራሱን ወደ ትልቁ ሰው አዙሪ፣ አንዱ ጎን ሲያልቅ ዓሳውን እንዳትገለብጪው፣ ከዓሳ አጥማጆች የመጣ ነው፣ ጀልባ መገልበጥ ነው ለነሱ። አከርካሪውን አንስተሽ ከስር ያለውን ታወጪያለሽ። ሁሉንም እንዳትጨርሱት፣ ለነገ ይተርፋል።

ማሂ_ጓንዡ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን ሌሊት ነው ሁሉም ተኝተዋል። ልክ 8 ደቂቃ እና 2፣ አይኑ ነጭ ሆኖ ወጣ፣ ቾፕስቲኩ ቅቤ ላይ እንደገባ ገባልኝ። ዘይቱን ሳፈስበት ቿ ሲል ልጆቹ ከሳሎን ሮጠው መጡ። ራሱን ወደ አማቴ አዞርኩት፣ እሳቸው የጉንጩን ስጋ አውጥተው ለባለቤቴ ሰጡት፣ ከዛ ምንም ሳይሉ ከዓሳው ጎን ያለውን ሶስ በማንኪያ ቀድተው ቶፉዬ ላይ ሊያፈሱልኝ ሲሉ ባለቤቴ የዓሳው ጭማቂ ነክቶታል አላቸው። እጃቸውን መልሰው ኩሽና ገቡና ድስቱ ውስጥ የቀረችውን ንጹህ ሶስ ይዘውልኝ መጡ። ጭራውና ግማሽ ጎኑ ለነገ ፍሪጅ ገብቷል።