የጋራ መቁረጫ ጠረጴዛ እና የ120 ቤዝ ፕሌት ዋጋ

(የጋራ መቁረጫ ጠረጴዛ ለመሥራት የሚመካከሩ በያጆች ንግግር ነው፤ ብዙዎቹ በሚሠሩት ዕቃ ተጠርተዋል።)

ፀሐፊ፦ ለአሠሪው የሥራ ዋጋ የምናስገባው ሐሙስ ነው። 120 ቤዝ ፕሌት (የምሰሶ ሥር ጠፍጣፋ ብረት)፣ ባለ 10 ሚሊ፣ 25 በ25 ሳንቲ። የጠረጴዛው ረቂቅ ያው ነው፦ የአንጎላሬ (የኤል ቅርጽ ብረት) ሀዲድ፣ በአራት ኩሽኔታ የሚንሸራተት መቀመጫ፣ ላዩ ላይ በማጠፊያ የሚታሰር ትልቅ ግራይንደር (በዲስክ ብረት የሚቆርጥ ማሽን)። መዋጮ በሰው 3,000 ብር። ተቃውሞ ያለው ዛሬ ይናገር።

ባለ በር፦ መጀመሪያ ላሜራውን እንቁጠር። የትልቁ ግራይንደር ባለ 230 ሚሊ ዲስክ በየቁርጡ 3 ሚሊ ይበላል፤ ስለዚህ 1 በ2 ሜትር ላሜራ ላይ አራት 25 ሳንቲ ጎን ለጎን አይገባም። ሦስት በሰባት፣ 21 ብቻ ይወጣል፤ ስድስት ላሜራ ሊገዛ ነው። አሠሪው 24.7 ሳንቲ ከተቀበለ 32 ይወጣል፣ አራት ይበቃል። አንዱ ላሜራ 157 ኪሎ ነው።

ባለ ጋሪ፦ አሠሪውን እኔ አናግራለሁ።

ባለ ወንበር፦ ትልቅ ግራይንደር ከምንገዛ የትንሹን ከለላ አውልቀን ባለ 230 ብንገጥምስ?

ባለ በር፦ በፍጹም! ዲስኩ ላይ የተጻፈው የፍጥነት ጣሪያ በሰከንድ 80 ሜትር ነው፣ በደቂቃ 6,600 ዙር ገደማ። ትንሹ 11,000 ይዞራል፤ የዲስኩ ጠርዝ በሰከንድ 132 ሜትር ይገባል፣ ይበተናል። ስትገዙም መሃል ብረቱ ላይ ያለውን ጊዜ እዩ፤ ያለፈበትን አትውሰዱ።

ባለ ምጣድ፦ ጠረጴዛው ጎማ ይኑረው። የሁላችን ገንዘብ አንድ ሰው ግቢ ተተክሎ አይቀርም።

ባለ በር፦ ጎማ አይሆንም። ጠረጴዛው ከተነቃነቀ ወይም ላሜራው መሃሉ ከረገበ የተቆረጠው መስመር ይጠብና ዲስኩን ይነክሳል። ግራይንደሩ ወደ ሰው ይፈናጠራል።

ባለ ምጣድ፦ ፍሬን ያለው ጎማ አለ።

ባለ በር፦ ፍሬን መሽከርከሩን እንጂ መወላወሉን አያቆምም።

ባለ ምጣድ፦ ግቢህ እንዲቀር ፈልገህ ነው።

ባለ በር፦ ስሜን አታጥፋ! ከፈለግህ ግቢህ ውሰደው፣ ግን ያለ ጎማ።

ባለ ወንበር፦ የእሱ ግቢ በር ጠባብ ነው፣ ላሜራ ጭኖ አይገባም።

ባለ ምጣድ፦ በሬን ማን ለካው?

ባለ ታንከር፦ ተዉ እንጂ ልጆች። አራቱ እግር ላይ ለባለ 20 ሚሊ ብሎን ዳዶ እንበይድ፣ ብሎኑ ከጫፉ ሰፊ መርገጫ ይኑረው። ለጉዞ በጎማ ይሂድ፤ ለሥራ ብሎኑ ይጠበቅና ጎማው ከመሬት ይነሳ። ላሜራው ከቁርጡ ግራና ቀኝ ይደገፍ፣ ተቆራጩ ወደ ታች እንዲከፈት። ዲስኩንም በአንዴ አታስምጡ፤ በየምልልሱ ከ2 እስከ 3 ሚሊ።

ባለ በር፦ ጋሼ እንዳሉት ከሆነ እቀበላለሁ።

ባለ ምጣድ፦ እኔም። ተራው በሳምንት ይሁን።

ባለ ወንበር፦ የሚንቀሳቀስ ከሆነማ ለሌላ ሰው በቀን እናከራየው።

ገንዘብ ያዥ፦ ጎማው፣ ብሎኑና መርገጫው ሲጨመር መዋጮው 3,800 ይሆናል።

ፀሐፊ፦ ባለ ጋሪ፣ አሠሪው 24.7ን ምን አለ?

ፀሐፊ፦ ባለ ጋሪ?

ባለ ምጣድ፦ ኪራዩ ላይ ዲስክ የሚያመጣው ተከራዩ ይሁን። የመጀመሪያው ሳምንት የማን ነው?

ፀሐፊ፦ ከባለ ጋሪ መልስ የለም፤ ስለዚህ ዋጋው በስድስት ላሜራ ይገባል። በዚያ ዋጋ ማሸነፋችንን እጠራጠራለሁ። ጠረጴዛው ግን ይሠራል፤ የኪራይ ደንቡን ባለ ወንበር እስከ ረቡዕ ይጻፍ።

ባለ ወንበር፦ ረቡዕ አይመቸኝም።