ክራር ወይስ የሒሳብ ጥናት? እስቲ ምከሩኝ

ሰላም ናችሁ? የሰባት ዓመት ልጄ ክራር ካልተማርኩ ብላ ይዛኛለች። የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው፣ አስተማሪ ያገኘሁት ደግሞ መሃል ከተማ፣ የታክሲውን ነገር ታውቁታላችሁ። ባለቤቴ «በዚያ ብር ሒሳብ ታስጠና» ይላል።

ሙዚቃ የልጅ አእምሮ ያጎለብታል ሲባል ሰምቼ ልረታው ብዬ ሳነብ ጭራሽ ግራ ገባኝ። ያ የሞዛርትን ሙዚቃ መስማት አእምሮ ያጎለብታል የተባለበት ዝነኛ ጥናት (እ.ኤ.አ. 1993) ለካ የተሠራው በኮሌጅ ተማሪዎች ላይ ነው፣ ያውም ማዳመጥ ብቻ፣ ውጤቱም ሩብ ሰዓት ገደማ ቆይቶ የሚጠፋ! እ.ኤ.አ. በ2004 ካናዳ ውስጥ ኪቦርድ ወይም ዘፈን የተማሩ የስድስት ዓመት ልጆች አይኪው (የአእምሮ ችሎታ መለኪያ ነጥብ) ትንሽ ጨምሮ ታየ። እ.ኤ.አ. በ2020 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ትንተና ግን ጥናቱ ጠንካራ በሆነ ቁጥር ጥቅሙ ወደ ዜሮ ይጠጋል አለ። እና የቱን ልያዝ?

ልጅቷ ግን ከጎረቤት የተዋስነውን ክራር ክሩን አንድ በአንድ እየነካች የላላውን በጆሮዋ ትለያለች። ማንም አላሳያትም።

በዚህ ዕድሜ ጣቷ ይችላል? ወይስ በኪቦርድ ትጀምር? ቂሊንጦ፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ቤት መጥቶ የሚያስተምር የምታውቁ ካላችሁ በናታችሁ ጠቁሙኝ። ባለቤቴንስ ምን ልበለው?