ማሪዮንቤሪዬ ለምን አያፈራም?

ጥያቄ (ፖርትላንድ፣ ኦሪገን)
ሰላም ናችሁ ወገኖች። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ማሪዮንቤሪ (እንጆሪ የሚመስል ጥቁር ፍሬ ያለው እሾሃማ ተክል) ገዝቼ ጓሮ አጥሩ ሥር ተከልኩ። ገበያ ላይ ስቀምሰው ልጅ ሆነን ከብት ስንጠብቅ ከቁጥቋጦ የምንለቅመውን እንጆሪ አስታውሶኝ ነው። ተክሉ ጤነኛ ነው፤ በአንድ በጋ ከቁመቴ በላይ ይሄዳል። ፍሬ ግን አንድም አላየሁበትም። ጎረቤቴ ራስፕቤሪ የሚባለው ዘመዱ አላት። ፌብሩዋሪ ላይ ከመሬት እኩል ታጭደዋለች፣ ሴፕቴምበር ላይ ልጆቿ በሳህን ይለቅማሉ። እኔም እሷን አይቼ ሁለቱንም ዓመት እንደዚያው አደረግሁ። አፈሩ ይሆን? ልነቅለው ምንም አልቀረኝም።

መልስ (ሲያትል)
እህቴ፣ እባክሽ እንዳትነቅይው! ተክሉ ምንም አልሆነም። የቆረጥሽው ፍሬውን ነው።

ማሪዮንቤሪ እዚያው እናንተ ኦሪገን ተዳቅሎ በ1956 የወጣ ነው፤ የብላክቤሪም የራስፕቤሪም ዘር አለበት። ሥሩ ብዙ ዓመት ይኖራል። የቅርንጫፉ ዕድሜ ግን ሁለት ዓመት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ይረዝማል፤ በሁለተኛው ያብባል፣ ያፈራል፣ ከዚያ ይደርቃል። አንቺ ሊያፈራ የተዘጋጀውን ነው ያጨድሽው። የጎረቤትሽ ቅርንጫፉ በበቀለበት በዚያው ዓመት የሚያፈራ ዓይነት ስለሆነ ለእሱ ማጨዱ ልክ ነው።

እኔ ያለኝ ሎጋንቤሪ ነው፤ እሱም የብላክቤሪና የራስፕቤሪ ድቅል ስለሆነ አያያዙ አንድ ነው። ለቅሜ እንደጨረስኩ ጎንበስ ብዬ አያለሁ። ያፈራው ቡናማ ሆኗል፣ የፍሬው እንጥልጥል ጫፉ ላይ ደርቆ ቀርቷል። አዲሱ አረንጓዴ ነው፣ ፀሐይ የመታው ጎኑ ቀላ ይላል፣ በጥፍር ሲጫኑት እርጥብ ነው። አሮጌውን ከሥሩ እቆርጣለሁ። ግን በአንዴ ጎትቼ አላወጣውም፤ እሾሁ አዲሱን ይቧጭረዋል። ሦስት አራት ቦታ ቆራርጬ ነው የማነሳው። ከአዲሶቹ ስድስት ጠንካራ እተውና ሁለት ሽቦ ላይ አስራለሁ፤ አንዱ ከመሬት 75 ሳንቲሜትር፣ ሌላው 1 ሜትር ተኩል ላይ። ማሰሪያዬ በቀጭኑ የተቀደደ አሮጌ ቲሸርት ነው። ገመድ ቅርፊቱን ይበላዋል።

መልስ (ኤድንብራ)
የወንድሜ ምክር ልክ ነው። የእኔ ቴይቤሪ ነው፤ እሱም የብላክቤሪና የራስፕቤሪ ድቅል፣ የዚሁ የስኮትላንድ ልጅ፣ ስሙም ከቴይ ወንዝ የመጣ። እኔ ግን አዲሶቹን ወዲያው ሽቦ ላይ አልዘረጋቸውም። የእኛ ንፋስ አይቻልም። አንድ ላይ ጠቅልዬ ታችኛው ሽቦ ላይ አስሬ አከርማቸውና ፌብሩዋሪ መጨረሻ እዘረጋቸዋለሁ።

ደግሞ ኦገስት ላይ ጫፋቸው አፈር እንዳይነካ። ባለፈው አንዱን ሳነሳው እምቢ አለኝ፤ ጎተት ባደርገው ጫፉ ነጭ ሥር አብቅሎ መሬቱን ይዞታል። ቆርጬ በማሰሮ ተከልኩትና ለጓደኛዬ ሰጠኋት። ሌላ ተክል ከፈለግሽ በነፃ ነው ማለት ነው!

ጠያቂዋ
ተባረኩ! አሁኑኑ ወጥቼ አየሁ። አራት አዲስ ቀንበጥ አለ፣ ትልቁ ጉልበቴ ደርሷል። ማንም እንዳይነካቸው ቀይ ክር አሰርኩባቸው። ሽቦውን ቅዳሜ እንወጥራለን። ቋሚዎቹን በምን ያህል ላራርቃቸው?

መልስ (ሲያትል)
ለአንድ ተክል ሁለት ቋሚ፣ 2 ሜትር ተኩል ተራርቀው። ጠለቅ አድርገሽ ትከያቸው፤ ፍሬ ሲይዝ ይከብዳል።