ለቤት ዓሣ ገንዳ ርካሽ ማጣሪያ እንዴት ልሥራ? (ባህር ዳር)

ጠያቂ፣ ከአባይ ማዶ
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። መስታወት ቤት አሠርቼ ሳሎን ያስቀመጥኩት የዓሣ ገንዳ አለኝ፤ ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 35፣ ከፍታው 40 ሴንቲ ሜትር ነው። ውስጡ አራት ጎልድፊሽና ጥቂት ጋፒዎች አሉ። ችግሬ ውሃው ነው። ከቀየርኩት ብዙም ሳይቆይ ወተት ጠብ የተደረገበት ይመስላል፤ ይሸታልም። ዓሦቹ ጠዋት ጠዋት አፋቸውን ውሃው ላይ አድርገው ሲያዛጉ ነው የማገኛቸው። ሙልጭ አድርጌ አጥቤ በቧንቧ ውሃ ስሞላው ትንሽ ያምርና መልሶ ያው ነው። ማጣሪያ ከአዲስ አበባ ላስመጣ ብዬ ብጠይቅ ዋጋው ከገንዳው በለጠብኝ።

በእጄ ያለው አንዲት ትንሽ የአየር ፓምፕ (ሻጩ «ኦክስጅን» ነው የሚላት)፣ ሃይላንድ እንደ ልብ፣ ከአሮጌ ፍራሽ የወጣ ስፖንጅ። ከዚህ የሚሠራ ነገር ካለ አሳዩኝ። የመብራቱን ነገር ታውቁታላችሁ። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ «የጣናን ውሃ በጀሪካን አምጥተህ ሙላው፣ ዓሣ የለመደው እሱን ነው» ብሎ ይዞኛል። ምን ትላላችሁ?

የሽምብጡ
በመጀመሪያ ያን «ሙልጭ አድርጎ ማጠብ» አቁም። ውሃህን የሚያነጣው ቆሻሻ ሳይሆን ባክቴሪያ ነው። አዲስ ወይም ፈጽሞ የታጠበ ገንዳ ውስጥ የተረፈ ምግብ እየበላ በአንድ ጊዜ ይፈላል። ባጠብክ ቁጥር ነገሩን ከዜሮ ታስጀምረዋለህ።

ዋናው ጉዳይ የማይታየው ነው። ዓሣ በስንጥቡም በኩሱም አሞኒያ ያወጣል፤ አሞኒያ ስንጥቡን ያቃጥለዋል። አንድ ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፤ እሱም መርዝ ነው። ሌላው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጣል፤ ናይትሬት በመጠኑ ሲሆን ዓሣ ይችለዋል፣ አንተም ከውሃው ከፊሉን በመቀየር ታስወግደዋለህ። እነዚህ ባክቴሪያዎች በውሃው ውስጥ አይዋኙም፣ ነገር ላይ ተለጥፈው ነው የሚኖሩት። ማጣሪያ ማለት እንግዲህ ለእነሱ ቤት መሥራት ነው፤ ጉድፍ መያዙ ትርፍ ነው። ቤቱ እስኪሞላ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። በነገው ዕለት የጠራ ውሃ የሚጠብቅ ሰው ማጣሪያውን በሳምንቱ ነቅሎ ይጥለዋል፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሸነፈው።

ቧንቧ ሠራተኛው
ወንድሜ፣ የያዝከው ይበቃሃል። የጎደለህ ግማሽ ሜትር የመብራት ሽቦ የሚያልፍበት ነጭ ፕላስቲክ ቱቦ ብቻ ነው፤ ባለ 20 ሚሊ ሜትሩን በል። ከውሃ መስመር የተረፈ ፒፒአር የሚባለው ቱቦ ካለህም ይሠራል፣ ግን ፒፒአር ይንሳፈፋል፣ ነጩ ፕላስቲክ (ፒቪሲ) ይሰምጣል። ትግል አትግዛ።

ቱቦውን ገንዳው ውስጥ አቁመህ ጫፉ ከውሃው ወለል አንድ ጣት ዝቅ እንዲል አድርገህ ቁረጠው። ከታች አምስት ሴንቲ ሜትር ትተህ፣ ከዚያ በላይ ያለውን 10 ሴንቲ ሜትር ዙሪያውን ብሳው። ድሪል ካለ በድሪል፣ ከሌለ ምስማር አግለህ፤ በእሳት ከሆነ ደጅ ወጥተህ፣ የፒቪሲ ጭስ አይሸተትም። ቀዳዳው አራት ሚሊ ሜትር ያህል ይሁን፣ ብዙ ይሁን። የታችኛውን አፍ በስፖንጅ ቁራጭ ወትፈው።

ስፖንጁን 10 በ10 በ12 አድርገህ ቁረጥና መሃሉን በሹል ቢላ ብሳው፤ ቀዳዳው ከቱቦው ጠበብ ይበል። እየታገለ ሲገባ ነው ደግ፤ ከላላ ውሃው በስፖንጁ ውስጥ ማለፉን ትቶ በጎን ያመልጣል። በተበሳው ላይ ጎትተህ አልብሰው። የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ከወገቡ ቆርጠህ የታጠበ ጠጠር ሙላበትና የተረፈችውን አምስት ሴንቲ ሜትር እዚያ ትከላት። ቆመ።

አሁን የአየሩን ቀጭን ቱቦ ከላይ በትልቁ ቱቦ ውስጥ አውርደው፤ ጫፉ ከስፖንጁ አናት ትንሽ ዝቅ ይበል። አረፋው ሲወጣ በቱቦው ውስጥ ያለውን ውሃ ይዞት ይወጣል፣ ያንን ለመተካት ሌላ ውሃ በስፖንጁ በኩል ይሳባል። አየሩ ከጥልቅ በገባ መጠን ብዙ ውሃ ያነሳል። ኤልቦ (የቱቦ ማጠፊያ) ከላይ ከጨመርክበት ደግሞ ውሃውን ወደ አንድ ጎን እየገፋ ገንዳውን በሙሉ ያዞርልሃል።

ቀጭኑ ቱቦ ካጠረህ ከፋርማሲ አዲስ የጉሉኮስ ቱቦ ግዛ፤ ያገለገለ አትንካ። ጫፉን ሙቅ ውሃ ውስጥ ትንሽ ብታቆየው ይለሰልስና የፓምፑ አፍ ላይ ይለጠጥልሃል።

አንድ ነገር ግን በደንብ ስማኝ፦ ፓምፑን ከውሃው ከፍታ በላይ አስቀምጠው ወይም ስቀለው። ከታች ካኖርከው መብራት ሲሄድ ውሃው በቀጭኑ ቱቦ ተመልሶ ፓምፑ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያም ወደ ሶኬቱ። የኤሌክትሪክ ገመዱም ሶኬቱ ጋ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ቀለበት ሠርቶ ይመለስ፤ የሚንጠባጠብ ውሃ ቢኖር እዚያ ላይ ይቀራል።

የፖሊው
ጋሼ ቧንቧ ሠራተኛው ያሉት ለጋፒ ነው። አራት ጎልድፊሽ ላለው ሰው ግን እኔ ከላይ የሚቀመጥ ሳጥን እመርጣለሁ። ትንሽ የውሃ ፓምፕ ገንዳው ውስጥ አስገብተህ ውሃውን ገንዳው ላይ ወደተቀመጠ የፕላስቲክ ሳጥን ታወጣለህ። ሳጥኑ ውስጥ መጀመሪያ ስፖንጅ፣ ቀጥሎ በከተማችን ዙሪያ እንደ ልብ የሚገኘው ቀዳዳ የበዛበት ጥቁር ድንጋይ ተሰባብሮ ይደረደራል፣ ውሃው በራሱ ክብደት ተመልሶ ይወርዳል። ድንጋዩ ቀዳዳው ብዙ ስለሆነ ባክቴሪያው የሚለጠፍበት ሰፊ ቦታ ያገኛል። ሎሚ ጠብ አድርግበት፤ ከፈላ የኖራ ድንጋይ ነው፣ ውሃህን ይለውጥብሃል፣ ተወው። ያልፈላውን አጥበህ ዘፍዝፈው።

ቧንቧ ሠራተኛው
ሳጥኑ መልካም ነው፣ አልጣላውም። ግን የመውጫው ቀዳዳ በስፖንጅ ቁራጭ ቢደፈን ፓምፑ ገንዳውን ወደ ሳሎን ያወጣዋል። ሳጥን የሚሠራ ሰው ከመውጫው ከፍ ብሎ ሁለተኛ ቀዳዳ ይክፈት። ደግሞ የውሃ ፓምፕ መግዛቱ አይቀርለትም፤ ጠያቂያችን ያለው የአየር ነው። ለጎልድፊሾቹ ከሆነ በሌላኛው ማዕዘን ሁለተኛ ስፖንጅ ይትከል። የአየሩን ቱቦ በቲ (ባለ ሦስት አፍ ማገናኛ) መክፈል ነው።

የዘንዘልማዋ
በጣና ውሃ ጉዳይ ልግባ። ወንድሜ፣ ጓደኛህን አትስማው። በሐይቁ ዳር ቢልሃርዚያ አለ። ተሸካሚው ቀንድ አውጣ ነው፤ በጀሪካን ውሃ ወይም በሣር ሥር አንዲት ትንሽ ቀንድ አውጣ ከገባችልህ፣ ገንዳውን ለማጽዳት እጅህን በነከርክ ቁጥር ትሉ በቆዳህ እንዲገባ በር ትከፍታለህ። ልጆች ካሉማ ጭራሽ! ውሃውም ቢሆን ወንዞቹ ያመጡት ደለል ያለበት ነው፤ ስፖንጅህ በጥቂት ቀን ይደፈናል። «ዓሣ የለመደው» ለተባለው ደግሞ ጎልድፊሽ ከቻይና፣ ጋፒ ከደቡብ አሜሪካ የመጡ ዘሮች ናቸው። ጣናን የለመደው ቆሮሶና አምባዛ ነው።

በተቃራኒውም እንዲሁ ነው። ዓሣው ሲበዛብህ ወስደህ ሐይቁ ውስጥ አትልቀቅ። ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች ያለውን ዓሣ ወደ ላይ ስለማያሳልፍ ጣና ውስጥ ከዚያ በቀር የትም የማይገኙ ከደርዘን በላይ የላቤዎባርበስ ዝርያዎች አሉ። እንግዳ ዓሣና የገንዳ በሽታ አይጨመርባቸው፤ እምቦጩ ይበቃቸዋል።

ዓሦቹ ጠዋት ላይ ስለሚያዛጉት፦ ባህር ዳር ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። በ25 ዲግሪ ሙቀት በባሕር ጠለል ላይ አንድ ሊትር ውሃ ወደ 8.3 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ይይዛል፤ እኛ ጋ ቢበዛ 6.6 ገደማ ነው። ስለዚህ በውጭ አገር መመሪያ «ይህን ያህል ሊትር ለዚህ ያህል ዓሣ» የሚባለውን እንዳለ አትውሰደው። ያንተ ገንዳ ጫፉ ድረስ ካልሞላህ ከ70 ሊትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። አራት ጎልድፊሽ በዝቷል። ሲያድጉ ደግሞ የጋፒዎቹን ግልገል ለቅመው ይጨርሷቸዋል።

ጠያቂ፣ ከአባይ ማዶ
እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ጥቂት ነገር ልጨምር። የፍራሹ ስፖንጅ ቢጫ ነው፣ ትንሽ ይሸታል፤ ይሆናል? ከሰል መጨመርስ? ስፖንጁ ሲቆሽሽ በምን ላጥበው? ደግሞ መብራት ሌሊቱን ሙሉ ቢጠፋ ምን ላድርግ?

የሽምብጡ
ስፖንጁ አሮጌ ፍራሽ ከሆነ ይቅርብህ። ላብ፣ ሽንት፣ የትኋን መድኃኒት ምን እንደጠጣ አይታወቅም። ስፖንጅ ፍራሽ ከሚሸጡት ቁራጭ ጠይቅ፤ ሊጥሉት ያስቀመጡት አያጡም። በአፍህ ንፋበት፣ ትንፋሽህ ያለ ችግር ካለፈ ጥሩ ነው፤ በጣም የደቀቀው ቶሎ ይደፈናል። ሳሙና ሳትነካ በሙቅ ውሃ ደጋግመህ ጨምቀው። የዕቃ ማጠቢያውን ስፖንጅ አትጠቀም፣ አንዳንዱ ፀረ ተሕዋስ መድኃኒት አለበት፤ እኛ ደግሞ የምንፈልገው ተሕዋሱን ነው።

ከሰል? የማንደጃ ከሰል ከማጣሪያው ከሰል ጋር አንድ አይደለም። ማጣሪያ ውስጥ የሚገባው በልዩ ሙቀት የተዘጋጀ ነው፤ እሱም ቢሆን ቀለምና ሽታ ይይዛል እንጂ አሞኒያህን አያነሳልህም። የቡናውን ከሰል ለቡናው ተው።

አጠባው ቀላል ነው። ውሃ ስትቀይር ከገንዳው የወጣውን ውሃ ባልዲ ውስጥ አቆየው፣ ስፖንጁን እዚያ ውስጥ ጨምቀው። ባልዲው ቡና ቀለም እስኪሆን አንድ ሁለት ጊዜ መጭመቅ ይበቃል። ስፖንጁ እጅ ላይ የሚያሟልጭ እንደሆነ ይቆይ፤ ያ የሚያንሸራትተው ነገር ነው አንድ ወር ሙሉ የጠበቅከው። በቧንቧ ውሃ ካጠብከው ክሎሪኑ ይጨርስልሃል። ሁለት ስፖንጅ ከተከልክ በአንድ ቀን ሁለቱንም አትንካ።

ለገንዳው የምትጨምረውንም የቧንቧ ውሃ አፉ በተከፈተ ባልዲ አንድ ቀን አሳድረው፤ ፓምፑን ከጨመርክበት ይፈጥናል። እስኪረጋጋ ድረስ በሳምንት ሁለቴ ከአራት አንዱን እጅ ብቻ ቀይር።

የፖሊው
የመብራቱን እኔ ልመልስ። በዩኤስቢ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ አለ። ብዙዎቹ አንድ ዋት ገደማ ነው የሚበሉት፤ ባለ 10,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ፓወር ባንክ ያለ ችግር ሌሊቱን ያሳድረዋል። ግን ቀድመህ ሞክረው፤ አንዳንዱ ፓወር ባንክ የሚሳበው ኤሌክትሪክ ሲያንስበት ስልክ የሞላ መስሎት ራሱን ያጠፋል።

እሱም ከሌለ በጆግ ከገንዳው እየቀዳህ ከፍ አድርገህ መልሰህ አፍስስ፤ በየሰዓቱ ጥቂት ጊዜ። መብራት በሌለበት ምግብ አትስጥ፣ ዓሣ አንድ ሁለት ቀን ሳይበላ ቢውል ምንም አይሆንም። የስፖንጅ ማጣሪያ አንዱ ጥቅሙ ይኸው ነው፤ ገንዳው ውስጥ ክፍት ስለሆነ ባክቴሪያው በዙሪያው ካለው ውሃ ትንሽም ቢሆን ኦክስጅን ያገኛል። ዝግ ጣሳ ውስጥ ያለው ማጣሪያ ግን ለረጅም ሰዓት ሲቆም ውስጡ ይሞትና መብራት ሲመጣ ያን ሁሉ ገንዳው ላይ ይተፋዋል።

ከግሽ ዓባይ
እኔ ደግሞ እምቦጭ ገንዳ ውስጥ ቢደረግ ቆሻሻውን ይመጥጣል ሲሉ ሰምቻለሁ። ነፃ ነው፣ ዳር ላይ ሞልቷል።

የዘንዘልማዋ
መምጠጡ እውነት ነው። ግን ሥሩ የቀንድ አውጣ ጎጆ ነው፣ ያልኩትን ሁሉ ይዞብህ ይገባል። ሲበዛም ቆርጠህ የምትጥለው በቦይ አድርጎ ሌላ ውሃ ላይ ይደርሳል። ተክል ካማረህ መኒ ፕላንት ቆርጠህ ሥሩን ብቻ ውሃው ውስጥ ስደደው፣ ቅጠሉ ከላይ ይቅር። ናይትሬቱን ይበላልሃል።

ጠያቂ፣ ከአባይ ማዶ
ሠርቼ ተከልኩት፣ ተመስገን ነው። ቁራጭ ስፖንጁንም በነፃ ሰጡኝ። አረፋው ግን ቡልቅ ቡልቅ እያለ በትልልቁ ነው የሚወጣው፣ ድምፁ ሌሊት ይረብሻል።

ቧንቧ ሠራተኛው
የቀጭኑን ቱቦ ጫፍ በምስማር ወትፈህ ዝጋውና ከጫፉ ከፍ ብሎ በጋለ መርፌ ብዙ ቦታ ብሳው። አረፋው ይደቃል፣ ድምፁም ይቀንሳል፣ የሚያነሳው ውሃም ይጨምራል። ፓምፑ ራሱ የሚያንዘፈዝፍ ከሆነ ከሥሩ የተረፈችህን ስፖንጅ አንጥፍለት።

ጠያቂ፣ ከአባይ ማዶ
ሠራ፣ ጋሼ! ሁለቱን ጎልድፊሽ የሚወስድልኝ ሰው ካለ እሰጣለሁ።

የሽምብጡ
አምጣቸው፣ እኔ ጋ 200 ሊትር ገንዳ አለ። እሑድ ከሰዓት ክዳን ባለው ባልዲ፣ በራሳቸው ውሃ ይዘሃቸው ና፤ ባጃጁ እንዳያፈሰው ግማሽ ድረስ ብቻ ሙላው። ባዶ ሃይላንድም ያዝ። ከዓመት በላይ የሠራ ስፖንጅ አለኝ፣ ጨምቄ ጭማቂውን እሰጥሃለሁ፤ ቤት እንደደረስክ እስፖንጅህ ላይ አፍስሰው። ዓሦቼ ላይ በሽታ እንደሌለ መጀመሪያ በዓይንህ አይተህ ነው የምትወስደው።